ሦስቱ የ«ላክ» ቁልፎችና የእህቴ ስም

ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.
ብቸና

ለተከበሩ አቶ ወልደ ኪዳን
የ«አንድ ገጽ» የተማሪዎች ምዝገባ ድረ ገጽ አስተባባሪ
ሞጣ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤና፣ ቢሮዎን መብራት ሳይጠፋበት፣ ድረ ገጽዎንም ቢያንስ ይህን አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ሳይሰናከል እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በብቸና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስሆን ስሜ ምንይሉ ጓዴ ይባላል። በእርስዎ መዝገብ ውስጥ እንዲህ የሚባል ተማሪ እስካሁን አልተገኘም፤ ስለዚህ ከሌለ ሰው የተላከ ጽሑፍ ለማንበብ ጊዜዎን ስለሚሰጡ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

አቤቱታዬን በአደባባይ ማቅረቤ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ ምክንያቱን ላስረዳ። በመጀመሪያ የሞከርኩት በድረ ገጹ ግርጌ «አስተያየትዎ ሀብታችን ነው» በሚለው ሳጥን ነበር። አራት መስመር ጽፌ «ላክ» የሚለውን ስጫን ገጹ ወደ ላይ ተወርውሮ «የእናት ስም አልተሞላም»፣ «የለውጡ ቀን አልተሞላም» ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈልኝና አራቱንም መስመሮቼን አጠፋቸው። ሀብታችሁ በዚህ ሁኔታ ሲባክን ዝም ብዬ ማየት ስላልቻልኩ፣ ደብዳቤውን በትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ በሞጣም ከቢሮዎ ፊት ለፊት ባለው በሙሐመድሸሪፍ ፎቶ ኮፒ ቤት መስኮት ላይ እንዲለጠፍ አንድ ቅጂ ልኬያለሁ። ዋናው ቅጂ በታላቅ አክብሮት ለእርስዎ ተልኳል።

ሰሌዳው ሥር ቆመው ለሚያነቡና ገጹን አይተው ለማያውቁ በአጭሩ ልግለጸው። በ«አንድ ገጽ» እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ መለያ ቁጥር አለው። በዚያ ቁጥር ሲገባ ሦስት ቅጾች በአንድነት ይከፈታሉ፤ ከላይ የፈተና ምዝገባ፣ ከመካከል የተማሪ ሁኔታ ለውጥ ማሳወቂያ፣ ከታች ደግሞ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የአስተያየት ሳጥን። እያንዳንዱ ቅጽ በራሱ ሥር «ላክ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አለው። በገጹ አናት ላይም «ሁሉም ጉዳይ በአንድ ገጽ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ክቡር ሆይ፣ ብዙ መሥሪያ ቤቶች በራቸው ላይ የጻፉትን አያደርጉም፤ የእርስዎ ግን አድርጎታል። ጉዳዩ ሁሉ በእውነት አንድ ሆኗል፤ የቱ የማን እንደሆነ የሚለይ ከቶ የለም።

የእኔ ጉዳይ ሁለት ነበር። አንደኛው እኔ ለፈተና መመዝገብ ነው። ሁለተኛው በዚያው መለያ ሥር ያለችው እህቴ ብሩክታይት ጓዴ ጥር 17 ቀን በሦስት ቀን ሕመም ስላረፈች ይህንን ማሳወቅ ነው። ብሩክታይት በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። አንድ ክፍል የሆንነው፣ የትምህርት ቤቱ መንገድ ለብቻ ለሚሄድ ልጅ ይረዝማል ተብሎ እኔ እስክደርስ ድረስ አንድ ዓመት ቤት ስላቆዩአት ነው። ያንን ዓመት ከፍዬላት አላውቅም። ምዝገባው የሚዘጋው በዚህ ሳምንት ዓርብ፣ ሚያዝያ 24 ቀን ነው። እስከዚያ ስሜ ካልገባ ዘንድሮ አልፈተንም።

ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ገጽዎ ተራ ቁጥር እንደሚወድ አይቻለሁና።

አንደኛ፤ መጋቢት 19 ቀን የክፍላችን ኃላፊ መምህርት ወለተ ኢየሱስ ወደ መምህራን ክፍል አስጠርተውኝ፣ ሁለቱንም ጉዳይ በአንድ ቀን ብጨርስ እንደሚሻለኝ መክረው የራሳቸውን ኮምፒውተር ለቀቁልኝ። የላይኛውን ቅጽ በጥንቃቄ ሞላሁ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የትምህርት ዘርፍ፣ ፎቶግራፍ። «ላክ» ስል መካከለኛው ቅጽ «የለውጡ ቀን አልተሞላም» አለኝ። እኔ ለፈተና ስመዘገብ እህቴ ያረፈችበት ቀን ለምን እንደሚጠየቅ ባይገባኝም ታዛዥ ተማሪ ስለሆንኩ ወርጄ ሞላሁ፤ በዚያኛው ቁልፍም ላክሁ። አሁን የላይኛው ቅጽ ባዶ ሆኖ «ስም አልተሞላም» ይላል። የላይኛውን እንደገና ሞልቼ ስልከው መካከለኛው ተጠርጎ ይጠብቀኛል። በዚህ ዓይነት ጥር 17 የሚለው ቀን በአንድ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ጊዜ ተጻፈ። በለቅሶው ሰሞን እንኳ ይህን ያህል የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አምስተኛው ላይ መምህርት ወለተ ኢየሱስ «ተነሥ ልጄ፣ እሱን እኔ ልጻፈው» ብለው ወንበሩን ተረከቡኝ። ስምንተኛው ላይ እሳቸውም ተነሥተው መስኮት ሊከፍቱ ሄዱ፤ መስኮቱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነበር።

ለዚህ ልዩ ልምምድ መሥሪያ ቤትዎን አመሰግናለሁ። ያን ቀን እስክሞት አልረሳውም፤ መርሳት ከፈለግሁ እንኳ ገጹ ያስታውሰኛል።

ሁለተኛ፤ በመካከለኛው ቅጽ ላይ «የለውጡ ዓይነት» ተብለው ከቀረቡት አራት ምርጫዎች አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው። ምርጫዎቹ «አልፋለች»፣ «ደግማለች»፣ «ተዛውራለች» እና «አቋርጣለች» ናቸው። ሞት የሚል የለም። እውነቱን ለመናገር ይህንን መጀመሪያ እንደ ጨዋነት ነበር የቆጠርኩት። በእኛ አገር በሐዘንተኛ ፊት ሞተች አይባልም፤ አረፈች ወይም አለፈች ነው የሚባለው። መሥሪያ ቤትዎም ያንን አስቦ ቃሉን አለስልሶ ያስቀመጠልኝ መስሎኝ፣ ከዚህ በፊት በክፉ ስላማሁት በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከጀርባዬ የቆሙት መምህርትም አንብበው «ጥሩ ቃል መርጠዋል» አሉ። ስለዚህ «አልፋለች» የሚለውን መረጥኩ።

በቅኔ ቤት አጥር ሥር ያደገ ሰው አንድ ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ሊጠፋው አይገባም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። እርስዎ ፈተና ማለትዎ ነበር፤ እኔ እህቴን ማለቴ ነበር። በዚህም ብሩክታይት ገና ያልተሰጠ ፈተና በማለፍ በወረዳችን የመጀመሪያዋ ሆናለች።

ሦስተኛ፤ ከአሥራ አንደኛው ሙከራ በኋላ አንድ ዘዴ ተገለጠልኝ። ሁለቱንም ቅጽ ሳልልክ ሞልቼ፣ የአስተያየቱን ሳጥንም «ምንም አስተያየት የለኝም» በሚል ውሸት ሞልቼ አንዱን ቁልፍ ብቻ ተጫንኩ። ገጹ «ተሳክቷል» አለ። ስላላመንኩት ሪፍሬሽ አደረግሁት፣ ማለትም ገጹን እንደ አዲስ ከፈትኩት፤ «ተሳክቷል» አለ። ደግሜ አደረግሁት፤ አሁንም «ተሳክቷል» አለ። እንዲህ ያለ ለጋስ ገጽ አይቼ አላውቅም።

የተሳካው ግን ምን እንደሆነ በኋላ ነው የታወቀው። በላይኛውም በመካከለኛውም ቅጽ ላይ «ስም» የሚል ሣጥን አለ፤ ገጹ ሁለቱን መለየት ስለማይችል የታችኛውን ወስዶ የላይኛውን ጥሎታል። ስለዚህ ለፈተና የተመዘገበችው ብሩክታይት ናት። ፎቶግራፉ የእኔ ነው፣ የትምህርት ዘርፉ የእኔ ነው፣ የትውልድ ቀኑም የእኔ ነው፤ ስሙ የእሷ ነው።

በዚያው ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ በእናቴ በአየሁሽ ስልክ መልእክት ገባ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ጎረቤታችንን እትዬ ወይንእሸትን ጠርታ አስነበበቻቸው። «ውድ ወላጅ፣ ብሩክታይት ጓዴ አልፋለች» ብለው ጀመሩና አቆሙ። እናቴ «ጨርሺው» አለቻቸው። ጨረሱት፤ «እንኳን ደስ አለዎት» ይላል። እናቴ አላለቀሰችም። «ማንን በድዬ ነው?» አለች። እኔ ሪፍሬሽ ባደረግሁት ቁጥር ደግሞ ገጹ እንደ አዲስ ልኮት ኖሮ ሁለተኛው መልእክት ወዲያው ገባ፣ ከዚያም ሦስተኛው። በሦስተኛው ላይ ስልኩን ለእትዬ ወይንእሸት ሰጥታ «ይዘሽልኝ ሂጂ፣ እኔ ቤት አይደር» አለቻቸው።

ለአንድ ሳምንት ያህል እናቴ ሰላም ያላትን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን እያየች፣ በልጄ ሞት ደስ ያለው የትኛው ይሆን እያለች ትመረምር ነበር። ሰው አይደለም፣ ኮምፒውተር በራሱ የሚልከው ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ትንሽ አሰብ አድርጋ «ታዲያ ስሟን ማን ነገረው?» አለችኝ። ስሟን የነገርኩት እኔ ነበርኩ። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ በመሥሪያ ቤትዎ «በተደጋጋሚ የሚጠየቁ ጥያቄዎች» ዝርዝር ውስጥ ፈልጌ አጣሁ፤ በሚቀጥለው እትም እንዲካተት በትሕትና እጠይቃለሁ።

አራተኛ፤ በገጹ ላይ ወደተሰጠው የእርዳታ ስልክ ደወልኩ። ያነሣችው እህት ድምፅዋ መልካም ነበር፤ እንዲህ ማለቴ ለማሾፍ አይደለም። የእህቴ መረጃ በስሕተት ስለገባ ይሰረዝልኝ አልኳት። ዝርዝሩን አየችና «ወንድሜ፣ አንዴ ያለፈች ተማሪ አትመለስም» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። «ካወቅህ ታዲያ ምን ፈልገህ ደወልክ?» አለች። ልጅቱ ጥፋት የለባትም፤ ከፊቷ የተጻፈውን ነው ያነበበችልኝ። ዘመድ አዝማድ በጥር ወር ሁሉ ሊያሳምነኝ ያልቻለውን ነገር መሥሪያ ቤትዎ በአንድ ደቂቃ ጥሪ አስረድቶኛል። በመጨረሻም ጉዳዩ ወደሚመለከተው ክፍል መመራቱን፣ ሦስት ሳምንት መታገሥ እንዳለብኝ ነገረችኝ። ታገሥሁ። ምናልባት የሚመለከተው ክፍልም የመጣለትን ቅጽ በአንዱ ቁልፍ ሲልክ ሌላው እየጠፋበት ይሆናል።

አምስተኛ፤ ሦስት ሳምንቱ አልፎ አንድ ሳምንት ስለተጨመረ፣ ትናንት ሰኞ ከክፍል ቀርቼ በሚኒባስ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ መጣሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስብሰባው በመልካም እንደተጠናቀቀ ተስፋ አደርጋለሁ። የተቀበሉኝ ባልደረባዎ አቶ ሣህለ ማርያም ናቸው፤ ወንበር ሰጥተው በጽሞና አዳመጡኝና መፍትሔ አቀረቡልኝ። መፍትሔያቸውም እንዲህ የሚል ነው። የሁኔታ ለውጡን ቅጽ ጨርሼ መተው አለብኝ። በመለያው ሥር ያሉት ሁለቱም ልጆች ተፈታኝ ተብለው ከተመዘገቡ ገጹ መካከለኛውን ቅጽ አይጠይቅም። ስለዚህ እሷንም እንደ ተፈታኝ ትቼ እኔን ከጎኗ ብጨምር ምዝገባው ሳይሰናከል ያልፋል።

«እሷስ?» አልኳቸው።

«እሷማ በፈተናው ዕለት ስሟ ሲጠራ ‹ቀሪ› ትባላለች፤ ከዚያ በኋላ በራሷ ትወጣለች» አሉኝ።

«ቀሪ» የሚለው ማን እንደሆነ ጠየቅሁ። በአንድ መለያ የተመዘገቡ ተማሪዎች የወንበር ቁጥራቸው ተከታታይ ነው። «አጠገቧ ያለው ተማሪ ነዋ» አሉ፤ ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው ማን አጠገቧ እንደሚሆን የገባቸው። ብርጭቆ ውኃ አስመጡልኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ቅሬታ ከሌሎቹ ለይተው እንዲያዩልኝ እለምናለሁ። ሌሎቹ ስሕተት ናቸው፤ ይህኛው ምክር ነው።

ከቢሮዎ ስወጣ ፊት ለፊት ካለው የሙሐመድሸሪፍ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ሙሐመድሸሪፍ ቤተሰቡ በሞጣ በንግድ የኖረ፣ እሱ ግን ኮምፒውተር የተማረ ወጣት ነው፤ ከእርስዎ ቢሮ የሚመለሱ ሰዎችን ቅጽ ሲሞላ ይውላል። ጉዳዬን ስነግረው አስቀድሞ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» አለ። በእርስዎ መሥሪያ ቤት ዙሪያ ይህን ለማለት የሚሞላ ቅጽ እንደማያስፈልግ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ገጹን ከፍቶ ከበስተጀርባው የተጻፈውን አሳየኝ።

እሱ እንዳስረዳኝ ገጽዎ የተሠራው ኤምቪሲ በሚባለው አሠራር ሲሆን፣ በዚህ አሠራር ሥራው ለሦስት ይከፈላል። ሞዴል የሚባለው ስለ መረጃው ያውቃል፤ ቪው የሚባለው ለሰው የሚታየውን ገጽ ያሳያል፤ ኮንትሮለር የሚባለው ደግሞ እንደ መስኮት ሠራተኛ የተላከውን ተቀብሎ ወደሚገባው ቦታ ይመራል። ሦስት ቅጽ በአንድ ገጽ ላይ ማስቀመጥ በራሱ ነውር አይደለም፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። የእርስዎ ገጽ ግን ለዓይን ሦስት ይምሰል እንጂ በውስጡ የታሰረው እንደ አንድ ፎርም፣ ማለት አብሮ እንደሚላክ አንድ ጥቅል ነው፤ ሦስቱም ቁልፎች ወደ አንድ መስኮት ይልካሉ። መስኮቱም የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ ሳይጠይቅ ወረቀቱን ሁሉ አንድ ላይ አፍሶ የጎደለ ይፈልጋል። «እኔ በአባቴ ሱቅ በርበሬና ሳሙና በአንድ ከረጢት ብሸጥ በማግስቱ ሱቁ ይዘጋ ነበር» አለ ሙሐመድሸሪፍ፤ «እነሱ ግን ይኸው ባነር አሠሩ።»

መድኃኒቱንም በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል፤ ከእርስዎ መደበቅ ስለማይገባኝ እገለብጠዋለሁ። እያንዳንዱ ቅጽ በራሱ ፎርም ውስጥ ይግባ፤ የሚላክበት አድራሻም የራሱ ይሁን። ለእያንዳንዱ የራሱ ሞዴል ይኑረው፤ ያን ጊዜ የተላከው ብቻ ይመረመራል፣ ያልተላከው በሰላም ይቀመጣል። የሣጥኖቹ ስም ይለያይ፤ የተመዝጋቢው ስምና ለውጥ የተደረገበት ተማሪ ስም አንድ አይባሉ። ስሕተት ሲገኝ ሰው የጻፈው ሁሉ አይጠረግ። ሥራው ሲሳካ ደግሞ ገጹ ወደ ሌላ ገጽ ይሸጋገር፤ ሪፍሬሽ ያደረገ ሰው ሳያውቅ ደግሞ እንዳይልክ። ይህ ሁሉ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብዬ ብጠይቀው «የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ሻይ ጠጪ ከሆነ ሁለት» ብሎኛል። ሁሉን ባይችሉ እንኳ ሁለቱን ቅጾች ብቻ እስከ ዓርብ ቢለያዩልኝ እኔን በላይኛው፣ እህቴን በመካከለኛው አሳውቄ እሄዳለሁ። በምርጫዎቹ ላይም አምስተኛ ቃል ይጨመር። ማለስለስ አያስፈልግም፤ «ሞታለች» ቢባል እችለዋለሁ።

ለመሥሪያ ቤትዎ ያለኝን ምስጋና በዚህ ወረቀት ልጨርሰው ስለማልችል የቀረውን በልቤ ይዤ፣ ለአቶ ሣህለ ማርያም ስለ ውኃው፣ ስልክ ላነሣችልኝ እህት ስለ መልካም ድምፅዋ፣ ለእርስዎም ስላላየሁት ፊትዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ትዕግሥቴ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ በሥራ ላይ የሚቆይ መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ።

እስከዚያው ትሑት አገልጋይዎ፣
ምንይሉ ጓዴ
የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ብቸና

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ዛሬ በእረፍት ሰዓት የክፍሌን ልጆች አማክሬአቸው ነበር። ገጹ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ በአቶ ሣህለ ማርያም ምክር መሠረት ሁለታችንንም እመዘግባለሁ፤ እናቴ የሁለት ልጅ ዓመት በአንድ ጊዜ ማጣት የለባትም። ሆኖም በፈተናው ዕለት ስሟ ሲጠራ «ቀሪ» የሚል ከመካከላችን እንደማይኖር ሠላሳ ስምንታችንም ተስማምተናል። እንግዲያስ ማን ይበል የሚል ጥያቄ ሲነሣ ባንተአምላክ የሚባለው ጓደኛችን «ያስገባት ሰው መጥቶ ያስወጣት» አለ፤ ሐሳቡም በአንድ ድምፅ ጸድቋል። ስለዚህ ክቡርነትዎ በዚያን ዕለት ጠዋት በሁለት ሰዓት እንዲገኙልን እንጋብዛለን። ወንበሯ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ነው። ፈታኙ ስሟን ሲጠራ ቆመው ይመልሱ፤ ጮክ ማለት አይጠበቅብዎትም፣ አዳራሹ ጸጥ ይላል።